ስለ ማርጋሬት በርቢጅ ለተማሪዎቼ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ጠያቂ፦ መምህር ዘጦሳ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። በደሴ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የሳይንስ ክበቡንም የምመራው እኔ ነኝ። ክበባችን በየወሩ አንድ የሳይንስ ሰው እየመረጠ የሕይወት ታሪኩን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፤ ጠዋት በሰልፍ ላይም ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ አንድ ተማሪ አሳጥሮ ያነበዋል። ለሚቀጥለው ወር የመረጥነው ጋላክሲዎችን በማጥናት ዕድሜዋን ያሳለፈችውን እንግሊዛዊት የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ማርጋሬት በርቢጅን ነው።

ዋና ዋናውን ታሪክ ሰብስበናል። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።) በ1919 ስቶክፖርት በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ተወለደች፤ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማረች፤ በ1957 ከባሏ ከጄፍሪ በርቢጅ፣ ከዊልያም ፋውለርና ከፍሬድ ሆይል ጋር ሆና ንጥረ ነገሮች በከዋክብት ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያስረዳውን ከመቶ ገጽ በላይ የሆነ ጥናት አሳተመች፤ በ1972 የግሪንዊች ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ጣቢያ የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር ሆነች፤ በ2020 በ100 ዓመቷ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አረፈች። ይህን ያህል ለመጻፍ አልተቸገርንም። የተቸገርነው ረቂቁ በክበቡ ፊት ሲነበብ ነው።

በረቂቁ ውስጥ "የጋላክሲዎችን ክብደት ለክታለች" የሚል አንድ መስመር ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ እጇን አውጥታ፣ ማንም ሄዶ ያልነካውን፣ ብርሃኑ እንኳ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ተጉዞ የሚደርሰንን ነገር እንዴት አድርገው መዘኑት ብላ ጠየቀችኝ። በደፈናው መለስኩላት እንጂ በሰሌዳ ላይ ሠርቼ የማሳያት ነገር አልነበረኝም። ሁለተኛው ችግር ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ የመጣ ነው። በርቢጅ በ1971 ለሴት የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ብቻ የሚሰጠውን የአኒ ጃምፕ ካነን ሽልማት አልቀበልም ብላለች። ባልደረባዬ፣ ሴት ተማሪዎቻችንን እናበርታ ብለን የመረጥናት ሰው ለሴቶች የተዘጋጀን ሽልማት መለሰች ብለን ማንበብ የገነባነውን በገዛ እጃችን ማፍረስ ነውና ይቅር ይላሉ። ሦስተኛው፣ እሷና ባሏ ስለ አጽናፈ ዓለም አጀማመር ከብዙኃኑ ሳይንቲስቶች የተለየ አቋም ነበራቸው የሚል አንብቤያለሁ፤ ይህን ለታዳጊዎች መንገር ተገቢ ነው ወይስ ግራ ያጋባቸዋል? የምታውቁ ብትረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ቦርከና (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ ምርጫችሁ ደግ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ለምህንድስና ተማሪዎች ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከሦስቱ ጥያቄዎች በመጀመሪያው ላይ ልቆይ፤ ያች ተማሪ የጠየቀችው የሴትዮዋን የሕይወት ሥራ አንኳር ነውና፣ የቀረው ታሪክ ሁሉ ይህ ካልተነገረ የሹመትና የሽልማት ዝርዝር ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ የሚጀምረው ከብርሃን ነው። በጋላክሲ ውስጥ ወጣት ከዋክብት ያጋሉት የሃይድሮጅን ጋዝ አለ። ይህ ጋዝ ከሚያወጣው ብርሃን አንዱ በ656.3 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ የሚታይ ቀይ መስመር ነው። ጋላክሲው የሚሽከረከር ከሆነ አንዱ ጎኑ ወደ እኛ ሲመጣ ሌላው ይርቃል፤ በሚመጣው ጎን መስመሩ ወደ ሰማያዊው፣ በሚርቀው ጎን ደግሞ ወደ ቀዩ ጫፍ ፈቀቅ ይላል። ፈቀቅታው እጅግ ትንሽ ነው፦ ጋዙ በሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር እየበረረ እንኳ መስመሩ ከቦታው የሚነቃነቀው 0.44 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። በርቢጅ የስፔክትሮግራፉን (ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ የሚዘረዝረውን መሣሪያ) ጠባብ ስንጥቅ በጋላክሲው ረጅም ዘንግ ላይ እያጋደመች ከዳር እስከ ዳር ያለውን ፈቀቅታ በአንድ ጊዜ በፎቶግራፍ መስታወት ላይ ታስቀር ነበር። መስታወቱ ታጥቦ ሲደርቅ፣ ቀጥ ብሎ ይታይ የነበረው መስመር እንደ ዘመመ ይታያል፤ ያን ዝማሜ በማጉያ መሣሪያ ሥር ነጥብ በነጥብ ለክቶ ወደ ፍጥነት መለወጥ የቀኑ ሥራ ነው።

ከፍጥነት ወደ ክብደት የሚያሻግረው ተማሪዎችዎ የሚያውቁት ነገር ነው። ወንጭፍ ያሽከረከረ እረኛ ድንጋዩ በፈጠነ ቁጥር ገመዱ እጁን አጥብቆ እንደሚጎትት ያውቃል፤ በጋላክሲ ውስጥ የገመዱን ቦታ የሚይዘው ስበት ነው። ስለዚህ የፍጥነትን ካሬ በርቀት አባዝቶ ለስበት ቋሚ ቁጥር ማካፈል ከምሕዋሩ ውስጥ ያለውን ክብደት ይሰጣል። መጀመሪያ በምድር ላይ ይሞክሩት። ምድር ፀሐይን በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ትዞራለች፤ ርቀቷ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ የስበት ቋሚው 6.67 × 10⁻¹¹ ነው። ሁሉንም ወደ ሜትር ለውጠው ሲያሰሉ 2 × 10³⁰ ኪሎ ግራም ይመጣል፤ ይህም የፀሐይ ክብደት ነው። ተማሪዎቹ ይህን በመማሪያ መጽሐፋቸው ካለው ቁጥር ጋር ካመሳከሩ በኋላ፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ የጋላክሲውን ይሥሩ፦ ፍጥነቱ በሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር፣ ከመሐሉ ያለው ርቀት 30,000 የብርሃን ዓመት። ውጤቱ 85 ቢሊዮን ፀሐይ ያህል ይሆናል። ስሌቱ ነገሩን ያቃልለዋል፤ ጋላክሲ እንደ ፀሐይ ክብደቱ መሐሉ ላይ የተከማቸ አይደለምና። በርቢጆች ከኬቨን ፕሬንደርጋስት ጋር ሆነው ክብደቱ በጠፍጣፋ ቅርጽ የተሰራጨ መሆኑን፣ ጋላክሲውም ወደ እኛ ምን ያህል እንዳዘነበለ ጨምረው ያሰሉ ነበር። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ግን ይህ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ሥራው በእጅ ሲሠራ ምን ይመስል እንደነበር ለተማሪዎቹ ይሣሉላቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛውን የጋላክሲ ምልከታ ያደረጉት በምዕራብ ቴክሳስ በሚገኘው በማክዶናልድ ጣቢያ፣ የመስታወቱ ስፋት 2.1 ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ነው። ለአንድ ደካማ ጋላክሲ አንድ የፎቶግራፍ መስታወት ለብርሃኑ ክፍት ሆኖ ለሰዓታት ይቆያል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ተመልካቹ በማያው ውስጥ ዓይኑን ተክሎ፣ ምስሉ ከስንጥቁ እንዳይወጣ በእጅ መቆጣጠሪያ ቴሌስኮፑን ያስተካክላል፤ ትንሽ ቢዘናጋ የሌሊቱ ድካም ከንቱ ይሆናል። ጉልላቱን ማሞቅ አይቻልም፤ ሞቃት አየር ሽቅብ ሲወጣ ምስሉን ያርገበግበዋልና። በታኅሣሥ ሌሊት ጦሳ ተራራ ላይ ውጭ ያደረ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። በ1963 አንዲት ወጣት ተመራማሪ ወደ በርቢጆች ዘንድ ሳን ዲዬጎ መጥታ አንድ ዓመት አብራቸው ሠራች፤ ስሟ ቬራ ሩቢን ነው። የበርቢጆች ልኬት ይደርስ የነበረው ደማቅ እስከሆነው የጋላክሲ ክፍል ድረስ ነበር። ሩቢን ከኬንት ፎርድ ጋር በተሻለ መሣሪያ ወደ ጠርዙ ስትሄድ፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል ተብሎ በተጠበቀበት ቦታ ሳይቀንስ ቀረ። ከብርሃኑ ውጪ የማይታይ ክብደት አለ ማለት ነው፤ ዛሬ ጨለማ ቁስ የምንለው ነገር ከጸናባቸው ማስረጃዎች ዋነኛው ይህ ነው። በርቢጅን ያለዚህ መንገር ታሪኩን ከመካከል መቁረጥ ይሆናል።

መልስ፦ ዘሃራ (ደሴ)

አቶ ቦርከና ስለ ሥራዋ የሚበቃውን ስላሉ እኔ በሽልማቱ ጉዳይ ልናገር። በፊዚክስ ተመርቄ ዛሬ በሌላ ሙያ ላይ ያለሁ የደሴ ልጅ ነኝ። ለመምህሩ ባልደረባ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይቅር ያሉት ክፍል በእኔ እምነት መቅረት የሌለበት ክፍል ነው። ለምን እንደመለሰችው ለመረዳት ግን ከዚያ በፊት ምን እንደተከለከለች መታወቅ አለበት።

በጦርነቱ ዘመን ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ መብራት ሁሉ ይጠፋ ነበር። ማርጋሬት ያን ጨለማ ተጠቅማ ሚል ሂል በሚገኘው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ሌሊቱን ከዋክብት ስታይ ታድር ነበር፤ የዶክትሬት ዲግሪዋንም በ1943 አገኘች። በነሐሴ 1944 በአንድ ሌሊት፣ በአቅራቢያ የፈነዳ ሰው አልባ ቦምብ ቴሌስኮፑን አናውጦ የምታየው ኮከብ ከማያው ሲወጣባት፣ ኮከቡን ፈልጋ ወደ ቦታው መልሳ ሥራዋን ቀጠለች። እንዲህ ያለች ሰው በካሊፎርኒያ የማውንት ዊልሰን ጣቢያ ለመሥራት የሚያስችለውን የካርኔጊ ተቋም የምርምር ድጋፍ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ አጭር ነበር፦ በዚያ ቴሌስኮፕ እንዲሠሩ የሚፈቀደው ለወንዶች ብቻ ነው። ችሎታዋን የመዘነ ሰው አልነበረም።

በ1955 ድጋፉን ባሏ ጄፍሪ አመለከተና አገኘ። ጄፍሪ የንድፈ ሐሳብ ሰው ነበር፤ ቴሌስኮፕ ላይ መሥራት የእሱ ሙያ አልነበረም። ማርጋሬት የእሱ ረዳት ተብላ ወደ ተራራው ወጣች፤ ምልከታውን የምታደርገው እሷ ነበረች። ተመልካቾች ሁሉ ከሚያድሩበት፣ ምግብ ከሚቀርብበት ቤት አብረው እንዲያርፉ ስላልተፈቀደ ባልና ሚስቱ ለብቻ በተተወች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ራሳቸው እያበሰሉ ይኖሩ ነበር። ከዚያም በኋላ ባልና ሚስት በአንድ የትምህርት ክፍል እንዳይቀጠሩ የሚከለክሉ ደንቦች ስለነበሩ፣ በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ እሱ መምህር ሲሆን እሷ በምርምር ድጋፍ ቆየች። ሁለቱም እኩል ቦታ ያገኙት በ1962 ወደ ሳን ዲዬጎ ከሄዱ በኋላ ነው።

እንግዲህ በ1971 ሽልማቱን ስትመልስ የምትለው ነገር ግልጽ ነው። ሴት በመሆኗ በር የተዘጋባት ሰው፣ ሴት በመሆኗ የተለየ በር እንዲከፈትላት አልፈለገችም፤ ለሴቶች የሚደረገውም አድልዎ በሴቶች ላይ እንደሚደረገው ሁሉ ከሙያው ይወገድ ነው ያለችው። ይህን ያለችው ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሌሎችን ችግር ረስታ አይደለም። ከ1976 እስከ 1978 የአሜሪካ የሥነ ፈለክ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆና ሳለ፣ ለሴቶች እኩል መብት የሚሰጠውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባላጸደቁ ክፍላተ አገር ማኅበሩ ስብሰባ እንዳያደርግ አባላቱን አሳምናለች። ሽልማቱን የመለሰችውና ይህን ያደረገችው አንድ ሰው ናት።

መምህር፣ ሴት ተማሪዎችዎ ግራ ይጋባሉ ብለው አይስጉ። እኔ በክፍሌ ከነበሩት ጥቂት ሴቶች አንዷ ነበርሁ፤ "ለሴት ጥሩ ውጤት ነው" የሚለውን ምስጋና ስሰማ ምን ይሰማኝ እንደነበር ማንም አስረድቶኝ አያውቅም፤ የበርቢጅን ታሪክ ሳነብ ግን ገባኝ።

ጠያቂው፦ መምህር ዘጦሳ

አቶ ቦርከና፣ እኅት ዘሃራ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የምድርንና የፀሐይን ስሌት ትናንት በክፍል ሠራነው፤ ቁጥሩ ከመጽሐፉ ጋር ሲገጥም ክፍሉ ሞቀ፤ ጠያቂዋም ልጅ የጋላክሲውን ራሷ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ጨረሰችው። ይሁን እንጂ የማውንት ዊልሰኑን ነገር ስነግራቸው ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ "ታዲያ በባሏ ስም ነዋ የገባችው" አለ፤ አንዳንዶቹም ሳቁ። ልጁን መገሠጽ አልፈለግሁም፤ ያለው ነገር በቃሉ ሲታይ እውነት ነውና። ምን ብዬ ብመልስለት ይሻላል? ስለ ግሪንዊችም ያነበብሁት እርስ በርሱ አይገጥምልኝም፦ የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር ሆነች ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ጥላ ሄደች ይላል።

መልስ፦ ጡረተኛው (ደሴ፣ አራዳ)

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ ተከታተልሁት። እኔ በአየር ጠባይ ምልከታ ሥራ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ስለ ደመና የሚያገባኝ ይመስለኛል፤ የግሪንዊቹ ታሪክ ደግሞ ከግማሽ በላይ የደመና ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ለዚያ ተማሪ። በባሏ ስም ገባች፤ አዎን። ግን በ1957 በወጣው ጥናት ላይ የማን ስም መጀመሪያ ተጻፈ ብለህ ጠይቀው። የአራቱ ስም በፊደል ተራ ስለተደረደረ ሁለቱ በርቢጆች ቀደሙ፤ ከሁለቱም የፊተኛው የእሷ ነው። ከዚያ ደግሞ ጥናቱ የቆመበትን የከዋክብት ብርሃን ዝርዝር ቴሌስኮፕ ላይ ሆኖ የሰበሰበው ማን ነው ብለህ ጠይቀው። በስም የገባና በሥራ የተገኘ ማን እንደሆነ ራሱ ይለየው።

ወደ ግሪንዊች ልመለስ። ጣቢያው በዚያን ጊዜ ግሪንዊች አልነበረም፤ ከለንደን ጭስና መብራት ሸሽቶ በደቡብ እንግሊዝ ሄርስትሞንሱ በተባለ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ግቢ ሰፍሯል። ከ1675 ጀምሮ የጣቢያው ኃላፊ የሆነ ሰው የንጉሣዊ ሥነ ፈለክ ሊቅ የሚባለውን ማዕረግ አብሮ ይይዝ ነበር። ማርጋሬት በ1972 ስትሾም ሁለቱ ተለያዩ፤ ማዕረጉ ለሬዲዮ ሥነ ፈለክ ሊቁ ለማርቲን ራይል ተሰጠ። እኅታችን ዘሃራ ይህንንም ከሴትነቷ ጋር ታያይዘው ይሆናል፤ ማርጋሬት ራሷ ግን አንድ ጊዜ ሴት በመሆኔ ነው፣ ሌላ ጊዜ የጣቢያውን ኃላፊ ሥልጣን ለመቀነስ የተደረገ የአስተዳደር ፖለቲካ ነው ትል ነበር። እሷ ሁለት መልስ ከሰጠች እኛ አንዱን ይዘን ባንጨቃጨቅ ይሻላል።

ያስወጣት ነገር ሌላ ነው። በሄርስትሞንሱ ግቢ የመስታወቱ ስፋት 2.5 ሜትር የሆነ የአይዛክ ኒውተን ቴሌስኮፕ በ1967 ተተክሎ ነበር። ይህን የሚያክል መሣሪያ ከባሕር ጠለል እምብዛም በማይርቅ፣ ደመናና ጉም በማይለየው ቦታ መትከል ለእኔ ዛሬም አይገባኝም። ማርጋሬት የቴክሳስንና የካሊፎርኒያን ሰማይ ያየች ሰው ናት፤ ቴሌስኮፑ ከዚያ ይነሣ ወደሚለው ወገን አዘነበለች፤ ጠቡም ከዚያ ተነሣ። አሥራ አምስት ወር ያህል ቆይታ ወደ ሳን ዲዬጎ ተመለሰች። ቴሌስኮፑ ግን በመጨረሻ ተነቅሎ ወደ ካናሪ ደሴቶች፣ ላ ፓልማ ተራራ ላይ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ተወሰደ፤ ከ1984 ጀምሮ እዚያ ይሠራል። ክርክሩን የፈታው ሰማዩ ነው።

ይህን ለደሴ ልጆች መንገር ቀላል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ማርጋሬት ጋላክሲ ከለካችበት ከማክዶናልድ ተራራ ትበልጣለች። ከፍታ ብቻ ግን አይበቃም። በክረምት ፍኖተ ሐሊብ በጣም በሚያምርበት ወር እኛ ጉም ውስጥ ነን፤ ሰማዩ የሚጠራልን ከጥቅምት በኋላ ነው። በአገራችን ለሥነ ፈለክ ጣቢያ ቦታ ሲታሰብ በ3,200 ሜትር ላይ ካለው ከእንጦጦ አልፎ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች የተጠኑት፣ ከፍታውም ደረቁ አየርም የከተማ መብራት አለመኖሩም አንድ ላይ ስለሚፈለግ ነው።

መልስ፦ ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አባታችን ያሉት ላይ የምጨምረው የለኝም። ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ስለቀረ እሱን ልሞክር።

ጄፍሪ በርቢጅ አጽናፈ ዓለም ከአንድ ታላቅ ፍንዳታ ተነሣ የሚለውን አስተሳሰብ እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም እስከ 2010፣ በአደባባይ ይሞግት ነበር። ማርጋሬት እንደ ባሏ ተከራካሪ አልነበረችም፤ ነገር ግን እሷም ጥርጣሬ ነበራት፤ ጥርጣሬዋም ኳሳር ከሚባሉት፣ በቴሌስኮፕ ሲታዩ ኮከብ ከሚመስሉ የሰማይ አካላት ጋር የተያያዘ ነው። ኳሳሮች በ1963 ማርተን ሽሚት የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ 3ሲ 273 የተባለውን ኳሳር ብርሃን ከፈታ በኋላ ታላቅ ርዕስ ሆኑ። መስመሮቻቸው ወደ ቀዩ ጫፍ እጅግ ፈቀቅ ያሉ ናቸው፤ ይህ ከርቀት የመጣ ከሆነ እጅግ ሩቅ፣ ስለዚህም እጅግ ብርቱ አካላት ናቸው ማለት ነው። በርቢጅ የብዙ ኳሳሮችን ፈቀቅታ ለክታለች፤ በ1967ም ከባሏ ጋር ስለ እነሱ መጽሐፍ አሳትማለች። አንዳንድ ኳሳሮች ግን በሰማይ ላይ ከቅርብ ጋላክሲዎች አጠገብ መታየታቸው በአጋጣሚ ነው ብላ መቀበል አልቻለችም፤ ምናልባት ፈቀቅታው ሁሉ የርቀት ምልክት ላይሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ እስከ 1990ዎቹ በልኬት እየፈተነች ጽፋበታለች። ዛሬ የሙያው ሰዎች በዚህ አይስማሙም፤ ኳሳሮች የሩቅ ጋላክሲዎች እምብርት መሆናቸው፣ ጉልበታቸውም በመሐላቸው ካለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አካባቢ እንደሚመነጭ በብዙ ማስረጃ ተረጋግጧል።

እንግዲህ ይነገር ወይስ አይነገር? ይነገር ባይ ነኝ፤ ሆኖም መነገር ያለበት በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው እንጂ የሰሌዳውን ግማሽ ይዞ አይደለም። የለካችው ልኬት አሁንም ልክ ነው፤ የተረታው ትርጓሜው ነው። ለዚህ ማሳያ የሚሆን ነገር አለ። በ1990 ወደ ሕዋ ከወጣው ከሃብል ቴሌስኮፕ ጋር ደካማ ብርሃንን የሚዘረዝር አንድ ስፔክትሮግራፍ ነበር፤ በርቢጅ ያን መሣሪያ ካዘጋጁት ሰዎች አንዷ ናት። በ1994 ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያ መሣሪያ ኤም 87 በተባለው ጋላክሲ መሐል ያለውን ጋዝ ሲያዩ፣ አንዱ ጎን ሲመጣ ሌላው ሲሄድ አገኙት፤ ፍጥነቱን ለክተው በመሐሉ ከ2 ቢሊዮን ፀሐይ በላይ የሚመዝን ነገር መኖሩን አሰሉ። ስሌቱ ያው የእርስዎ ተማሪ ሰሌዳ ላይ የሠራችው ነው። ለጥቁር ጉድጓድ መኖር በጊዜው ከቀረቡት ማስረጃዎች ጠንካራው፣ ስለ ኳሳር የተጠራጠረችው ሴት እጇ ባለበት መሣሪያ ተገኘ ማለት ነው።

ስለ ኖቤሉም የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። በ1983 ለንጥረ ነገሮች አፈጣጠር ጥናት ሽልማቱን ያገኘው ከአራቱ ፋውለር ብቻ ነው፤ የተካፈለው ከእነሱ ጋር ሳይሆን በከዋክብት አወቃቀር ሌላ ሥራ ከሠራው ከቻንድራሴካር ጋር ነው። ብዙዎች ሆይል መቅረቱን ይነቅፋሉ፤ እኔ የማርጋሬትም መቅረት አብሮ መነቀፍ አለበት እላለሁ።

ጠያቂው፦ መምህር ዘጦሳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከባልደረባዬ ጋር ተነጋግረን የሽልማቱ ነገር ይግባ ብለናል፤ እሳቸውም የእኅት ዘሃራን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ፣ የማውንት ዊልሰኑ ክልከላ ቀድሞ እንዲነበብና የሽልማቱ ነገር ከዚያ ቀጥሎ እንዲመጣ ጠይቀዋል፤ ትክክል ናቸው። የሰሌዳው መሐል የጋላክሲው ስሌት ይሆናል፤ በተማሪዋ የእጅ ጽሑፍ። የኳሳሩ ነገር ከታች በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገባል። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው፦ የብርሃንን መስመሮች በዓይናቸው እንዲያዩ እፈልጋለሁ፤ ቤተ ሙከራችን ግን ስፔክትሮስኮፕ የለውም።

መልስ፦ ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አሮጌ ሲዲ ይበቃዎታል። በካርቶን ሳጥን አንድ ጎን በምላጭ ቀጭን ስንጥቅ ይክፈቱ፤ በሌላው ጎን ሲዲውን አጋድመው ያስገቡና ከላይ የሚያዩበት ቀዳዳ ይብሱ። ስንጥቁን ወደ ፍሎረሰንት ቱቦ አምፖል ሲያዞሩት የሜርኩሪው መስመሮች፣ በተለይ አረንጓዴውና ወይን ጠጁ፣ ተለይተው ይታያሉ፤ ተራ ክብ አምፖል ላይ ግን ቀለሙ ያለ መስመር የተያያዘ ይሆናል። ሁለቱን ያወዳድሩ። ወደ ፀሐይ በፍጹም እንዳያዞሩት ግን አስቀድመው ያስጠንቅቁ።

ጋላክሲም በዓይናቸው ማየት ከፈለጉ በኅዳር ወር ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከከተማው መብራት ራቅ ብለው ወደ ሰሜን ፊታቸውን አዙረው ቀና ይበሉ። አንድሮሜዳ ከአድማስ ስልሳ ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ እንደ ደብዛዛ ነጭ ነጠብጣብ ትታያለች፤ ባይኖኩላር ካላችሁ ደግሞ ሞላላነቷ ይለያል። የእኛን ባይኖኩላር በዚያ ሳምንት ላውሳችሁ እችላለሁ፤ ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው አላጣም፤ ቀኑን ብቻ አስቀድመው ይንገሩኝ።